በኤሞሲ አፍ የተሠራው ድልድይ

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ከጀልባ ስወርድ የመንደሩ ሰው ግማሹ ባሕር ዳር ቆሞ ነበር፤ ኮሌጅ መውደቄንም ሁሉም ያውቃል። ኮሌጁ ባለበት በዋና ከተማው ሱቫ የነገርኩት ለሁለት ጓደኞቼ ብቻ ነበር። ወሬው በየትኛው ጀልባ ቀድሞኝ እንደገባ እንጃ።

አክስቴ ማካሬታ አቅፋ ጉንጬን አሸተተችኝና፣ «ኡናይሲዬ፣ የወደቀ ሰው እንዲህ ይወፍራል እንዴ?» አለችኝ። የማርፈው እሷ ቤት ነው። እናትና አባቴ ሱቫ ናቸው፤ የአባቴን ቤት የያዘው ታላቅ ወንድሜ ኢሲኬሊ ነው፣ ከነሚስቱ።

ለኮሌጁ የማስረክበው የሥራ ደብተር ሌላ ነው። እሱ ላይ ልኬትና ሥዕል ይገባል፣ ጽሑፉም ያማረ ይሆናል። ይሄኛውን የሚያነበው ስለሌለ እውነቱን ልጻፍበት። የዲዛይን ትምህርት ወድቄያለሁ። የሳልኩት ድልድይ ሒሳቡ ልክ ነበር። ሚስ ፑሽፓ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄ ድልድይ ይቆማል ኡናይሲ። ማን እንደሚሻገርበት ግን አንቺም የምታውቂው አልመሰለኝም» አሉኝ። ከዚያ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጡኝ። ክፍል ውስጥ አይደለም። የዝናቡን ወቅት ከሰው ጋር ተቀምጬ፣ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ነገር ዲዛይን አድርጌና ሠርቼ ላሳያቸው። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ራሳቸው መጥተው ያዩታል። ካማራቸው እቀጥላለሁ፤ ካላማራቸው ስሜ ከኮሌጁ ይሰረዝና እዚሁ አክስቴ ሱቅ ሳሙና እየቆረጥኩ እኖራለሁ።

አክስቴ ይሄን ስትሰማ ያዘነች አልመሰለችም። ሱቁ ሰው ያስፈልገዋል።


ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

መርጫለሁ። ያው ድልድይ ነው፤ የጣለኝ ነገር ያንሳኝ።

መንደሩንና ትምህርት ቤቱን የሚለየው ወንዝ ባሕሩ ሲሞላ ደረት ይደርሳል። ልጆች ዩኒፎርማቸውን አውልቀው በራሳቸው ተሸክመው ነው የሚሻገሩት። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነው። በዚህም በዚያም ዳር ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ኮሌጁ ደግሞ አንድ ጥቅል የብረት ገመድ ሰጥቶኛል። ገመዱን ከዛፍ ዛፍ ወጥሬ ሳንቃ አነጥፍበታለሁ። ምሰሶ የለውም። ምሰሶ ከሌለው አናጢ አያስፈልገውም፤ አናጢ ካላስፈለገው ኢሲኬሊን መለመን የለብኝም። በደሴቱ ላይ ምሰሶ መትከል የሚያውቅ ጀልባ ሠሪው ኢሲኬሊ ነው።

የሥዕሉን ቅጂ ለሚስ ፑሽፓ ላኩ፤ ዋናውን ለአክስቴ አሳየኋት። መነጽሯን ፈልጋ አጥታ ዓይኗን አጨንቁራ አየችው።

«ጠባብ ነው።»

«ለአንድ ሰው ይበቃል አክስቴ።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ?»

«ላንቺ ብዬ ነው ያሰላሁት።»

«እሺ፣ መሐል ላይ ከአማቼ ጋር ብንገጣጠምስ?»

አክስቴ ከልጇ ባል ጋር ፊት ለፊት አትተያይም፤ ነውር ነው። «አንዳችሁ ትመለሳላችሁ» አልኳት።

«ማን?»

ሥዕሌን ጠቅልዬ ሄድኩ። የክብደት ሒሳብ እያለብኝ የአማች ሒሳብ አልሠራም።


ኖቬምበር 23፣ እሑድ

እሑድ ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኢሲኬሊ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ እኔ ከኋላ። ማጅራቱን ሳይ ዋልኩ። መሸበት ጀምሯል።

ከተማ ያሉት ትተውታል። እኛ መንደር ግን እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ አይነጋገሩም፤ አንድ ምንጣፍ ላይ አይቀመጡም፤ መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ዞር ብሎ ያሳልፋል። ጠብ አይደለም፣ መከባበር ነው። ሕፃን ሳለሁ ወንዙን አዝሎ የሚያሻግረኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ማዶ አወረደኝና፣ «ካሁን በኋላ በራስሽ ተሻገሪ» አለኝ። ከአፉ ለእኔ የወጣ የመጨረሻው ቃል ይሄ ነው።

ለምሳ ከእሱ ቤት የዓሣ ጭንቅላት በኮኮናት ወተት ተሠርቶ መጣ። የምወደውን የሚያውቅ ሰው ነው የላከው። ማን ላከው ብዬ አልጠየቅኩም።

ያመጣው ኤሞሲ ነው፤ ሲያመጣ አንዱን ዓይን በልቶበታል። ኤሞሲ የአክስቴ ማካሬታ ልጅ ነው። አክስቴ የምላት ለአባቴ የሩቅ የአጎት ልጅ ስለሆነች፣ ኤሞሲ በእኛ ቆጠራ የሚቀለድበት ዘመድ ነው፤ የፈለገች ደግሞ ታገባዋለች። እኔ አልፈለግኩም። አክስቴ ግን ሰው ባለበት «ምራቴ» ትለኛለች፤ ሰውም ይስቃል። ጀልባ ቤት ስለሚያድር ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የማየው፤ ማታም ያው ለራት ይመጣል።


ኖቬምበር 27

ገመዱ ሄደ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ትልቁ አባቴ ቪሊኬሳ፣ መጥተው ጥቅሉ ላይ ተቀመጡበት። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ሱቫ ጠየቁ። ከዚያ ገመዱን በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ ጀልባዬን ከዛፍ ጋር በምን ልሰራት?» አሉ።

በእኛ ዘንድ ዘመድ ከጠየቀ ይሰጣል። አይ የሚል ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በየቤቱ ይነሳል። «ይውሰዱት ትልቁ አባቴ» ስል የራሴ ድምፅ አስጠላኝ።


ዲሴምበር 3

ላፕቶፔን ደግሞ የጎረቤት ልጆች ፊልም እናይበት ብለው ጠይቀው ወሰዱ። ለድልድዩ ያመጣኋቸውን ብሎኖች እንዳይጠየቁብኝ ካሳቫ ጆንያ ውስጥ ደበቅኳቸው። አክስቴ ጨለማ ውስጥ ዝቃ ቀቀለቻቸው። ኤሞሲ አንዱን ከሳህኑ አንስቶ ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ይሄኛው አልበሰለም» አላት።

ቀሪዎቹን በማግስቱ ጠዋት አጥቦና ዘይት ቀብቶ፣ ጨርቅ ላይ ደርድሮ አስቀመጠልኝ። ሥራ የሌለው ሰው ነው።


ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ገመድ ከሌለ ምሰሶ ነው። ምሰሶ ከሆነ ኢሲኬሊ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄን ዓረፍተ ነገር ስሸሸው ከረምኩ።

መጀመሪያ እንጨቱን አገኘሁ። ሰው ከእኔ ከጠየቀ እኔም የምጠይቅበት አገር አለኝ፤ የእናቴ ወንድሞች መንደር። የእህት ልጅ እዚያ ገብታ ያየችውን ብትወስድ ማንም አይናገራትም። አጎቴ ለአዲስ ቤት ያዘጋጃቸውን የማይበሰብሱ የቬሲ ዛፍ ግንዶች አይቼ፣ «ያምራሉ» አልኩ። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። «እነዚያንም?» አለኝ። «እነዚያንም» አልኩት። ሲሸኘኝ ይስቅ ነበር፣ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

ትልቁ አባቴ ቪሊኬሳ ገመዱን ሲጠይቁ የተሰማኝ ምን እንደሆነ አሁን ከሌላው ወገን ሆኜ አየሁት። ከዚህ ወገን ይጣፍጣል።


ዲሴምበር 15

ዛሬ ሰው ሲለመን የሚቀርበውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር ይዤ ኢሲኬሊ ቤት ሄድኩ። የሄደው ኤሞሲ ነው ማለት ይሻላል። እሱ ገብቶ ሥሩን ፊቱ አስቀመጠ፤ እኔ በር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ኤሞሲ ንግግር ሲጀምር ሌላ ሰው ነው። እህትህ በትሕትና፣ እህትህ በእንባ፣ እህትህ በአባታችሁ ስም። በእንባ የሚለውን እኔ አላዘዝኩትም።

ኢሲኬሊ ተቀበለ። አከፋፈላችን እንዲህ ሆነ። አንድ ቦታ ቆመን መሥራት ስለማንችል እሱ ከመንደሩ ዳር ከወንዶቹ ጋር፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ ዳር አክስቴ ከምትመራቸው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሴቶች ጋር እንጀምርና መሐል ላይ እንጋጠማለን። ባለ ምሰሶውን አዲስ ሥዕል ስለሳልኩ ችግር የለም። ቃል ካስፈለገ ኤሞሲ ያመላልሳል።

ኤሞሲ በዚህ ሹመት ደረቱን ነፍቶ ነው ያመሸው።


ጃንዋሪ 1፣ ሐሙስ

ሥዕሉ የለም።

በአዲስ ዓመት የሚቀለድበትን ዘመድ በውሃ መዝፈቅ ወጉ ነው፤ እኔም ኤሞሲን ጠዋት ተኝቶ ሳለ አንድ ባልዲ ደፍቼበታለሁ። ከሰዓት አድፍጦ ጠብቆ በትልቁ ድስት መለሰልኝ። ሥዕሉ ብብቴ ሥር ነበር። ስዘረጋው ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል።

ኤሞሲ ድስቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ኡና» አለኝ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። መሳቅ ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ሄጄ ኮኮናት ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ወረቀቱን ወደ ባሕር ዳር ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ ምን ያውቃል። ሌላ ትንሽ ሥዕል በዝማሬ ወረቀት ጀርባ ሠርቼ ላኩ፤ ኢሲኬሊ፣ «ጉንዳን ነው የሳለችው?» ብሎ መለሰው አሉ። ከእንግዲህ ያለን የኤሞሲ አፍ ብቻ ነው።


ጃንዋሪ 6

ጉድ ሰማሁ። ልጻፈው።

ጠዋት የኢሲኬሊን የምሰሶ ማያያዣ ከማዶ ሆኜ ሳየው አናደደኝ። ኤሞሲን ጠርቼ፣ «ንገረው፣ ይሄ ማያያዣ ለዶሮ ቤት ነው። ምሰሶውም ሁለት ክንድ ወደ ታች ካልገባ ድልድይ ብሎ ነገር የለም በለው» አልኩት። «እንዲሁ እነግረዋለሁ» ብሎ ሄደ። እኔም ለሌላ ጉዳይ ተሻግሬ በኮኮናት ማድረቂያው ጀርባ ሳልፍ የኤሞሲን ድምፅ ሰማሁ።

«እህትህ እንዲህ ያለ ማያያዣ ሱቫም አላየሁ አለች። አፏን ከፍታ ነው የቀረችው። የምትፈራው እናቴን ብቻ ነው። ማካሬታ ከነመዘምራኗ ከወጣችበት ሁለት ክንድ ጥልቀት ይበቃ ይሆን ወይ ትላለች።»

ኢሲኬሊ፣ «ለማካሬታማ ሦስት ይሁን» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። «ለእህቴ ደግሞ እንዲህ በልልኝ፤ ከባሕሩ ጋር ተማክራ ነው የሳለችው? ውሃ ላይ በማስመሪያ አይሰመርም።»

ሮጬ ተመልሼ ቦታዬ ቆምኩ። ኤሞሲ መጣ። «ኢሲኬሊ ምን አለሽ መሰለሽ? መስመርሽ ቀጥ ያለ ነው አለ።»

ውሸታም ልለው ነበር። ግን ምን ልበለው፤ ምሰሶው ሦስት ክንድ ገብቷል። እኔ በስድብ ሁለት ለምኜ፣ እሱ በውሸት ሦስት አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር እንዲህ ሲያጣፍጥ እንደከረመ ቁጭ ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ቁጥርም ይቆርጣል። ስምንት ሰው ላክ ካልኩ እንዳያስከብድ አራት ብሎ ነው የሚነግር፤ ከገና በፊት ሰው የጎደለኝ ለዚህ ነው።

አልነገርኩትም። ብነግረው ይተዋል። ይልቅ እጥፍ አድርጌ ልጠይቅ።


ጃንዋሪ 9

ስድስት የእንጨት ችካል ፈልጌ አሥራ ሁለት አልኩ። አሥራ ሁለት መጣ። ኤሞሲ ዛሬ መቁረጡን ረስቶት ይሆናል።


ጃንዋሪ 10

ስምንት ሳንቃ ፈልጌ አሥራ ስድስት አልኩ። አሥራ ስድስት መጣ። ምን ነካው ይሄ ሰው?

አክስቴ፣ «ምራቴ፣ ብቻሽን ትስቂያለሽ» አለችኝ። ሒሳብ ነው አልኳት።


ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ

ዝናብ። የትምህርት ቤቱ ዳር ምሰሶዎች ግማሽ ደርሰዋል። መሐል ላይ ጭቃው ሥር አለት አገኘሁ። ገና ያልተከልናቸው ምሰሶዎች መስመር ከሁለቱም ዳር አንድ ክንድ ወደ ባሕር መሸሽ አለበት። የእኔን ዛሬውኑ አሸሸሁ። ለኤሞሲ፣ «ሁለት ክንድ ወደ ባሕር በለው» አልኩት፤ ግማሹን ቆርጦ አንድ እንዲል። ያ የችካሉና የሳንቃው ነገር በአጋጣሚ ነው።

የገዛ ውሸቴን ከእሱ ውሸት ጋር አመዛዝኜ እውነት አወጣሁ። ይሄን ኮሌጅ አያስተምሩም።


ጃንዋሪ 19

ሬዲዮው አውሎ ነፋስ አለ። ሁለት ቀን ቤት ዘግተን ተቀመጥን። ወደ ሰሜን አለፈ። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ የትልቁ አባቴ ቪሊኬሳ ጀልባም በገመዴ ታስራ ቆማለች። ኤሞሲ በዚያ ዝናብ ሁለቴ ወጥቶ አይቶ መጣ። እናቱ ጮኸችበት። እኔም ጮህኩበት፣ ከእሷ ይልቅ።


ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

አይገጥምም።

ዛሬ ከሁለቱም ዳር ሳንቃው መሐል ደረሰ። የእኔ ጫፍ እዚህ፣ የእሱ ጫፍ ከጎኑ በባሕሩ በኩል አልፎ ሄዷል። ሙሉ አንድ ክንድ ተላልፈዋል። ሴቶቹም ወንዶቹም መዶሻቸውን አስቀመጡ።

ኤሞሲን ጎትቼ ማንጎው ሥር ወሰድኩት።

«ምን አልከው?»

«አንድ ክንድ ወደ ባሕር።»

«እኔ ሁለት አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። እንዳይከብደው ብዬ ነው።»

«አንድ ካልከው ለምን ሁለት አሸሸው?»

ጭንቅላቱን አከከ። «እሱ እኮ የምነግረውን እጥፍ ነው የሚያደርገው። ከገና ጀምሮ። አንተ ትቆርጣለህ፣ እህቴ ትንሽ ጠይቃ አታውቅም ይላል።»

ችካሉ። ሳንቃው። አሥራ ሁለቱም አሥራ ስድስቱም ፊቴ ተደረደሩ። ወንድሜ እኔን በልክ አውቆኛል፤ እኔ እሱን በልክ አላወቅኩትም። ሦስታችንም ዋሽተናል፤ እኔ የኤሞሲን ውሸት ስቆጥር የወንድሜን ሳልቆጥር ቀረሁ።

ሚስ ፑሽፓ በሚቀጥለው ረቡዕ ይመጣሉ። የአንዱን ዳር ምሰሶ ነቅሎ ለመትከል ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አለቀልኝ። ሳሙና መቁረጥ ልለማመድ።


ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

ገና ሳይነጋ ማንም ሳያየኝ ጉዴን ልለካ ወጣሁ። በእኔ ሳንቃ ጫፍ ድረስ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ስለካ፣ በዚያኛው ሳንቃ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ኢሲኬሊ ነው። እሱም ማንም ሳያየው ሊለካ ነው የወጣው።

በልጅነቴ ካዘለኝ ወዲህ እንዲህ ተቀራርበን አናውቅም። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። ሁለታችንም ደንግጠን ፊታችንን አዞርን፤ እሱ ወደ ባሕሩ፣ እኔ ወደ ደኑ። ወደ ኋላ መመለስ ውርደት ነው፤ ሳንቃው ጠባብ ነው፤ ቆምን። ከዚያ እሱ በራሱ ሳንቃ ጠርዝ ተጠግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በአጠገቤ አልፎ ከኋላዬ የእኔን ሳንቃ ረግጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳር ተሻገረ። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መንደሩ ተሻገርኩ። አልተነካካንም። አልተያየንም። ማንም ለማንም አልተመለሰም።

መንደሩ ዳር ስደርስ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ በኖቬምበር የጠየቀችኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ማን ይመለሳል ብላኝ ነበር። ቀጥ ብሎ ቢገጥም ኖሮ ይሄን ድልድይ እኔና ኢሲኬሊ በአንድ ሰዓት አንሻገርበትም ነበር፤ አክስቴና አማቿም፤ ግማሹ መንደርም። ልጆች ሱሪያቸውን እያወለቁ ውሃ ውስጥ ይቀጥሉ ነበር፣ እህቶቻቸው ድልድይ ላይ ስላሉ።

ኤሞሲን ቀስቅሼ ላኩት። «ንገረው። እንዳለ ይቆይ። ተላልፈው የቆሙበት ላይ ሰፋ አድርገን ሳንቃ እንጨምርና ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ የሚያልፍበት እናድርገው። መቀመጫም ይኑረው።»

«ስንት ልቁረጥ ከዚህ?»

«አንድም።»

ተመልሶ መጣ። «እሺ አለ። ሌላ ምንም አላለም። የጨመርኩበት የለም።»


ጃንዋሪ 25፣ እሑድ

ሥራ የለም። እጄ ቁስል ብቻ ነው። ከእሱ ቤት የዓሣ ጭንቅላት መጣ፣ በሁለት ዓይኑ።


ጃንዋሪ 28፣ ረቡዕ

መጥተው ሄዱ። ጽፌ ካልጨረስኩ አልተኛም።

ሚስ ፑሽፓ ጀልባው አሟቸው በጃንጥላ ተደግፈው ወረዱ። ያንጎና ተቀዳላቸው፤ ምላሳቸው ደነዘዘና ጥያቄያቸው ሁሉ ቀስ ብሎ መጣ፤ ይሄ ሳይጠቅመኝ አልቀረም። ከዚያ አክስቴ መዘምራኗን ይዛ ድልድዩ ላይ ወጣች። ሳትዘምሩ ተሻገሩ ብዬ ለምኜ ነበር፤ እኩል ሲረግጡ ይወዛወዛል። «ሳልዘምር ተሻግሬ አላውቅም» ብላ እየዘመረች ወጣች። ተወዛወዘ። ቆመ። ሦስት ክንድ ነው የገባው።

ተመልሳ ስትመጣ መሐል ላይ የልጇ ባል መረብ ተሸክሞ ከመንደሩ በኩል ብቅ አለ። አላዘጋጀሁትም፤ ሰውዬው ዓሣ ሊያጠምድ ነው። በተላለፈው ቦታ የሠራነው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ፣ ጀርባ ለጀርባ ተላለፉ። ዝማሬውም አልተቋረጠም።

ሚስ ፑሽፓ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ሄደው መታጠፊያው ላይ ቆሙ። እኔ በትምህርት ቤቱ ዳር፣ ኢሲኬሊ በመንደሩ ዳር፣ ኤሞሲ መሐል።

«በላክሽልኝ ሥዕል ላይ ድልድዩ ቀጥ ያለ ነበር። ይሄን መታጠፊያ ማን ዲዛይን አደረገው?»

ኤሞሲ በከንፈሩ፣ እኔ ነኝ በያቸው ይለኛል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወቅቱን ሙሉ ስዋሽ ከርሜ አንዲት ውሸት ምን ታደርጋለች? ግን ሳንቃው ላይ ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ማዶ ቆሞ ይሰማል።

«ስህተት ነው ሚስ። አልገጥም አለ። ሁለታችን ከሁለት ዳር በተለያየ ልክ ሠራንና ተላለፈ። ከተላለፈ በኋላ ነው ምን እንደሚሠራ ያየሁት።»

ሚስ ፑሽፓ ጎንበስ ብለው የተላለፉትን ሳንቃዎች አዩ። ያኔ ከማዶ ኢሲኬሊ ድምፁን ከፍ አደረገ። ለኤሞሲ ነው የሚናገረው፤ ግን ወንዙን ሙሉ ይሰማል።

«ኤሞሲ። ለአስተማሪዋ ንገርልኝ። ስህተቱ የሁለታችን ነው። እንዳለ ይቆይ ያለችው እህቴ ናት። እኔ እንጨት ነው የቆረጥኩት። በራሷ ነው የተሻገረችው።»

ኤሞሲ ወደ ሚስ ፑሽፓ ዞሮ አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ ተናገረው። አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ ሰምቼዋለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ወንድሜ እኔ እንድሰማው ብሎ ሲናገር ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሳል የያዘኝ መስዬ ፊቴን በሽርጤ ጫፍ ሸፈንኩ። ወንድሜን ወደድኩት፤ ይሄን ለመጻፍ አላፍርም።

ሚስ ፑሽፓ፣ «አክስትሽና ያ ሰውዬ ለምን እንደዚያ እንደተላለፉ ጀልባው እስኪነሳ ድረስ አስረጂኝ» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ሲሳፈሩ፣ «አልፈሻል። የጠማማውን ሥዕል ግን ትምህርት ሲጀመር ጠረጴዛዬ ላይ እፈልገዋለሁ» አሉኝ።

አክስቴ ስትሰማ አቅፋ አሸተተችኝና፣ ሱቁን ማን ይይዝልኛል ብላ ተቀመጠች።


ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ

ጀልባው ነገ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ድልድዩ ላይ ሄድኩ። ልጆች መታጠፊያው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ትልቁ አባቴ ቪሊኬሳ ደግሞ መቀመጫውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ለበረንዳዬ ያምራል ሲሉ ሰማኋቸው። ሮጥኩ።


ፌብሩዋሪ 2፣ ሰኞ

ጀልባው ላይ ሆኜ ነው። ጽሑፌ ተወላግዷል፤ ባሕሩ ነው።

ዛሬ ጀልባው የቆመው በትምህርት ቤቱ በኩል ስለነበር፣ ኤሞሲ ሻንጣዬን ተሸክሞ ድልድዩን አሻገረኝ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሻንጣውን አስቀመጠ።

«መልእክት አለኝ።»

«ከኢሲኬሊ?»

«አይደለም። አንድ ሰው ነው። በጁላይ ለዕረፍት ትመጣለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አለኝ።»

«ማን?»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ ስም አላወጣም።»

ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ነበር፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። የሚቀለድበት ዘመድ ነውና መቀለድ ነበረብኝ። ሻንጣዬን አነሳሁ።

«አትመጣም በለው» አልኩት።

መልእክት ሲያደርስ መራራውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ።